ሙሉ ጀርባ የጃፓን ንቅሳት፦ ዘንዶውን ተዉት፣ ደመናውን እዩ

የነቃሹን አልበም የሚያገላብጥ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዘንዶው ፊት ላይ ነው። ጥርሱን፣ ጢሙን፣ የቅርፊቱን አደራደር አይቶ «ይሄማ ጎበዝ ነው» ይልና ቀብድ ይከፍላል። ዘንዶ አሳምሮ የሚሥል ነቃሽ ግን ሞልቷል። ጥቂቱ በዘንዶው ዙሪያ ያለውን ጥቁር ደመና፣ ነፋስና ማዕበል ከትከሻ እስከ ታፋ ሳያቆራርጥ፣ ሳያጨቀይ፣ ከጥቁሩ ወደ ባዶው ቆዳ ቀስ በቀስ እያሳሳ የሚያስገባው ነው። ሙሉ ጀርባ ሲሠራ ከሰዓቱም ከገንዘቡም ሰፊውን ድርሻ የሚበላው ይኸው መደቡ ነው። ጃፓኖች «ጋኩ» ይሉታል፤ ክፈፍ ማለት ነው። እዚህ የምንገመግመው አንድን ቤት ሳይሆን አገልግሎቱን ራሱን ነው፤ የምንመዝነውም ከመደቡ ተነስተን ነው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጥ። «ዋቦሪ» የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ንቅሳት በአንድ ነቃሽ እጅ፣ ዓመትና ከዚያ በላይ በሚዘልቅ ቀጠሮ፣ መደቡ ከመጀመሪያው ቀን ታስቦበት ሲሠራ የተከፈለበትን ያወጣል። ሃያ ዓመት ቆይቶም ከመንገድ ማዶ ይነበባል። «ዛሬ ዘንዶውን እንሥራ፣ መደቡን በኋላ እናያለን» ተብሎ ሲጀመር ግን ርካሹም ውድ ነው። ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ንቅሳትን ጃፓኖች «ሃንፓቦሪ» ይሉታል፤ ስሙ ምስጋና አይደለም። መስመሩ ብቻ ገብቶ የቀረ ጀርባ በእርግጥም ሠዓሊው ጥሎት የሄደ የግድግዳ ንድፍ ይመስላል።

መጠኑ የሚለካው እንደ ልብስ ነው። ከክርን በላይ የሚያበቃው እጅጌ «ጎቡ»፣ ክርንን አልፎ ክንድ መሐል የሚቆመው «ሺቺቡ» ይባላል። ደረት ላይ የሚወጣው ክፍል «ሂካኤ» ነው። ደረትና ሆድ መሐል ላይ ወደ ታች ባዶ መስመር የሚተውበት አሠራር ደግሞ «ሙኔዋሪ» ይባላል፤ ኪሞኖው ፊት ለፊት ቢከፈትም ንቅሳቱ እንዳይታይ ነው። ሙሉ ጀርባ ሲባል ከአንገት ሥር ተነስቶ መቀመጫን ጨርሶ ታፋ ላይ የሚያልቅ ነው። ወገብ ላይ ይቁምልኝ የሚሉ ደንበኞች አሉ፤ አይመከርም። የዘንዶው ጅራት ወይም የማዕበሉ ግርጌ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፣ ሰውየውም አጭር ቲሸርት የለበሰ ይመስላል።

ስለ ታሪኩ፣ ለደንበኛ የሚጠቅመውን ያህል ብቻ። ሠዓሊው ኡታጋዋ ኩኒዮሺ በፈረንጆቹ ከ1827 ጀምሮ ያሳተማቸው የተነቀሱ ጀግኖች ሥዕሎች፣ በእንጨት ተቀርጸው በወረቀት የታተሙ፣ ዛሬም የነቃሾች ዋና ምንጭ ናቸው። መንግሥት በ1872 ንቅሳትን ከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ1948 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን የሐኪም ፈቃድ ሳይኖራችሁ መርፌ ይዛችኋል ተብለው የተከሰሱ ነበሩ፤ ንቅሳት የሕክምና ሥራ አይደለም ብሎ የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ገና በመስከረም 2020 ነው። ብዙ የጃፓን ቤቶች እስከ ዛሬ ምልክት በሌለው በር ጀርባ፣ አፓርታማ ውስጥ፣ በቀጠሮ ብቻ የሚሠሩት ከዚህ የተነሳ ነው። በሩ ላይ ማስታወቂያ አለመኖሩ ስለ ሥራው ጥራት ምንም አይናገርም። ነቃሹ ከየትኞቹ የድሮ ሥዕሎች እንደሚነሳ ሲጠየቅ መጽሐፍ አውጥቶ ካላሳየ ግን ይናገራል።

ወደ ንድፉ። ዋና ምስል አንድ ነው፤ ሲበዛ ሁለት። ቀሪው አበባና መደብ ነው። ለእኛ ዓይን ዘንዶ ማለት በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሰኮና ሥር የሚንፈራገጠው ነው፤ የጃፓኑ «ሪዩ» ግን ዝናብና ውሃ የሚያዝ፣ ደመና ውስጥ የሚኖር ፍጡር ነው። ዘንዶ ያለ ደመና ወይም ያለ ውሃ ቤቱን ያጣ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኮይ ዓሣ ፏፏቴ ይወጣል፤ ወጥቶ የጨረሰው ዘንዶ ይሆናል ይባላል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጀርባ ማዋል ትርጉም አለው። ካራጂሺ የሚባለው አንበሳ ቦታን ከሚባለው የፒዮኒ አበባ ጋር ይጣመራል፤ አንዱ የአራዊት፣ አንዱ የአበቦች ንጉሥ ነው። የቡድሂስቶች ጠባቂ አምላክ የሆነው ፉዶ ሚዮኦ ሰይፍና ገመድ ይዞ በእሳት ነበልባል ፊት ይቀመጣል፤ ነበልባሉ ራሱ መደብ ስለሆነ ሌላ ደመና መደረብ አያስፈልገውም። ወቅትም ይጠበቃል፦ ሳኩራ፣ ማለትም የቼሪ አበባ፣ የጸደይ ነው፣ ሞሚጂ የሚባለው ቀይ የሜፕል ቅጠል የመከር ነው፤ ሁለቱን በአንድ ውሃ ላይ የሚበትን ነቃሽ ወይ በቂ ምክንያት አለው፣ ወይ አያውቅም። ጠይቁት። ምክንያት ያለው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል።

የአገልግሎቱ ጥራት የሚለየው ንድፉ ከወረቀት ወደ ቆዳ በሚሻገርበት ሰዓት ነው። ንድፉን ቆዳ ላይ በሚያትም ወረቀት (ስቴንስል) መለጠፍም ይሁን በማርከር በቀጥታ መሣል፣ ደንበኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጆቹን አንጠልጥሎ፣ ትከሻውን አላልቶ መሠራት አለበት። አልጋ ላይ አስተኝቶ የሚለጥፍ ነቃሽ ካጋጠማችሁ እዚያው ተነሱ፤ ሰው በሆዱ ሲተኛ የጀርባው ቆዳ ወደ ጎን ይሳባል፣ ሲነሳ የዘንዶው ፊት አንድ ሁለት ጣት ያህል ሄዶ ይገኛል። ከዚያ ጥሩ ነቃሽ እጅ አስነስቶ፣ ወገብ አስጎንብሶ፣ ወገብ አስጠምዝዞ ያያል። የትከሻ ማረሻ አጥንት እጅ በተነሳ ቁጥር ስለሚንሸራተት ፊትና ዓይን እዚያ ጠርዝ ላይ አይቀመጡም። አከርካሪ ላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ ለምሳሌ የሰይፍ ስለት፣ ማስኬድም አስቸጋሪ ነው፤ ሰውየው ዘወር ባለ ቁጥር ሰይፉ ይጎብጣል። ከአራት አምስት ሜትር ርቆ ፎቶ አንሥቶ ያላሳየ ነቃሽ ሥራውን ገና አላየውም። ይህ ሁሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ አንድ ጠብታ ቀለም ሳይገባ። ይህን ሰዓት የሚያስከፍሉም የማያስከፍሉም አሉ፤ ማስከፈሉ ነውር የለውም፣ መቸኮሉ ነው ነውሩ።

ቀጥሎ መስመሩ፣ «ሱጂቦሪ»። ሙሉ ጀርባ ከመቀመጫው ጋር ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ቀጠሮ ይወስዳል፣ እያንዳንዱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት። ለዋናው መስመር 14 ወይም 18 መርፌ በክብ የታሰረበት ጫፍ፣ ለጢምና ለአበባ ሥር ደግሞ ቀጠን ያለ ይጠቀማሉ። ቀጭን መስመር በመጀመሪያው ቀን ያምራል፤ ነገር ግን ቀለም ቆዳ ውስጥ በዓመታት ይሰፋል፣ የተጠጋጉ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አንድ ወፍራም ይሆናሉ። በዘንዶው ቅርፊቶች መሐል በቂ ክፍተት መኖሩን እዩ። እዚህ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ጥልቀት። ቀለሙ መድረስ ያለበት ከላይኛው ቆዳ ሥር፣ በግምት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው። አልፎ ስቡ ውስጥ ሲገባ ከመስመሩ ወጥቶ እንደ ጭስ ይበተናል፤ ቆዳው ስስ በሆነበት በጎድን፣ በብብት ሥርና በውስጥ ታፋ ላይ ይበዛል። ይህ በድጋሚ ዙር አይስተካከልም፤ የሚሸፈነው በጥቁር መደብ ነው። ጥልቀቱ ሲያንስ ደግሞ የቁስሉ ቅርፊት ሲረግፍ መስመሩ ተቆራርጦ ይቀራል፤ ይሄኛው በአንድ ድጋሚ ዙር ይስተካከላል። ከሁለቱ ስህተቶች የሚመረጠው እንግዲህ ግልጽ ነው።

አሁን ዋናው። መስመሩ ከዳነ በኋላ ጥቁሩ ይገባል፤ ቀለም ከጥቁር በፊት አይገባም። አንደኛ፣ በኋላ የሚመጣ ጥቁር ቢጫውንና ቀዩን ያቆሽሻል። ሁለተኛ፣ ቀዩ ምን ያህል መድመቅ እንዳለበት የሚታወቀው ጎኑ ያለው ጥቁር ከገባ በኋላ ነው። ሦስተኛው ምክንያት የኪስ ነው፦ ገንዘብ መሐል ላይ ቢያልቅ፣ መስመርና ጥቁር መደብ ያለው ጀርባ ያለ ቀለምም ሙሉ ሥራ ነው። መስመርና ቀይ ብቻ ያለው ግን ግማሽ ነው።

ጥላውን «ቦካሺ» ይሉታል። ሙሉ ጥቁር፣ ከዚያ በውሃ የቀጠነ ጥቁር፣ ከዚያ ባዶ ቆዳ፤ በመሐላቸው ደረጃ መታየት የለበትም። አልበም ስታዩ ጣታችሁን ከጥቁሩ ወደ ባዶው አንሸራትቱ፤ ዓይን የሚሰናከልበት መስመር ካለ፣ ወይም ግራጫው እንደ አሸዋ ከተበተነ፣ እጁ ገና ነው። ጥቁሩ ራሱ ወጥ መሆን አለበት። ባዶ ነጠብጣብ ከታየ መርፌው ዘሏል ማለት ነው፤ ቆዳው ካበጠና ካንጸባረቀ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ በመሄድ ታኝኳል። የታኘከ ቆዳ ጠባሳ ይዞ ይድናል፣ ከጠባሳው ጋር የገባውን ቀለም ግማሹን ይተፋል፤ ስለዚህ «ዛሬውኑ ይጥቆር» ብሎ የሚጫን ነቃሽ በሦስተኛው ሳምንት የሚያገኘው የነጣ ሥራ ነው። ጥሩው አንዴ አልፎ ይተዋል፣ ከአንድ ወር በኋላ ይደርብበታል።

የመደቡ ጠርዝም የራሱ ሙያ ነው። ጠርዙን «ሚኪሪ» ይሉታል፤ ለነጠላ ጥለት እንደሚሆነው ነው፣ ያለ እሱ ልብሱ አልተጨረሰም። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አለ፣ «ቡትሱጊሪ» ይባላል። እንደ ቦታን አበባ ቅጠል እየተጠቀለለ የሚሄድ አለ፣ «ቦታን ሚኪሪ»። እንደ ማለዳ ጎሕ ወደ ቆዳው የሚቀልጥ አለ፣ «አኬቦኖ»። ሌላም እንደ ጥድ መርፌ የተሰነጣጠቀ «ማትሱባ» አለ። ግራ ክንድ በቦታን፣ ቀኝ ክንድ በአኬቦኖ የሚጨርስ ሰው ጥለቱ ሁለት ዓይነት የሆነ ነጠላ ለብሷል። የትኛው እንደሚሆን በመጀመሪያው ቀን ይወሰናል። ጀርባን ብቻ አስበው የጀመሩ ሰዎች ብዙዎቹ በኋላ ወደ እጅና ደረት ስለሚቀጥሉ፣ መደቡ ትከሻ ላይ የሚቆምበት ቦታ ለመቀጠል የሚያመች መሆኑን አሁኑኑ ጠይቁ። አኬቦኖ ለመቀጠል ያስቸግራል፤ ወደ ቆዳው የቀለጠውን ጫፍ መልሶ ማጥቆር ያስፈልጋልና።

የቀጠነውን ጥቁር በሚመለከት አንድ ጥያቄ የግድ ነው፦ በምን ነው የምታቀጥኑት? መልሱ ንጹሕነቱ የተረጋገጠ፣ ታሽጎ የመጣ የሕክምና ውሃ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ከተባለ ውጡ። በ2011 መገባደጃ በኒው ዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ 19 ሰዎች ከንቅሳት በኋላ ማይኮባክቴሪየም በሚባል ባክቴሪያ ተይዘዋል፤ ምንጩ ቀድሞ የተዘጋጀ ግራጫ ቀለም ነበር። ጓንት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መርፌ፣ ከተረፈው ቀለም ጋር የሚጣል ትንሽ ኩባያ፣ ብረት የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ፣ እነዚህን ሁሉም ያውቃል፤ ውሃውን ግን የሚጠይቅ ደንበኛ ትንሽ ነው። የጃፓን መደብ ደግሞ ግማሹ የቀጠነ ጥቁር ነው።

በእጅ ወይስ በማሽን? በእጅ የሚሠራው «ተቦሪ» ነው። «ኖሚ» በሚባል ዘንግ ጫፍ ላይ መርፌዎች በረድፍ ይታሰራሉ፤ ነቃሹ በግራ እጁ ቆዳውን ወጥሮ፣ አውራ ጣቱን መደገፊያ አድርጎ እየወጋ ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ «ሻ፣ ሻ» የሚል ድምፅ ያወጣል። ዘንጉ ድሮ ቀርከሃ ነበር፤ ዛሬ የሚመረጠው የሚቀቀል አይዝጌ ብረት ነው፣ መርፌውም ይጣላል። ቀርከሃ የሚጠቀም ቤት ፎቶ ላይ ያምራል፣ ቀርከሃ ግን እንደ ብረት አይጸዳም። ለጥላና ቀለም ለመሙላት ተቦሪ ጥቅም አለው፤ ቀለሙን ጥቅጥቅ አድርጎ ያስገባል፣ እብጠቱም ይቀንሳል ይላሉ ብዙ የሠሩበትም የተሠራላቸውም። ለመስመር ግን ማሽን አይታማም፤ በጃፓንም ትልልቅ ስም ያላቸው ነቃሾች መስመሩን በማሽን፣ ጥላውን በእጅ ይሠራሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ «ሙሉ በሙሉ በእጅ» ብሎ እጥፍ የሚያስከፍል ቤት ካጋጠማችሁ ለጥላው ክፈሉ፣ ለመስመሩ አትክፈሉ።

ይህን የሚያነብ ብዙው ሰው ቆዳው ጠይም ወይም ጥቁር ነውና እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀለሙ የሚቀመጠው ሜላኒን ካለበት ንብርብር ሥር ነው፤ ስለዚህ ቀለምን የምናየው በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አሻግረን እንደምናይ ነው። ጥቁር አይጎዳም። ደማቅ ቀይ ይታያል፣ ትንሽ ወደ ቡናማ ያደላል። ጥልቅ አረንጓዴ ይታገላል። ቢጫ ሰናፍጭ ይሆናል፣ ሰማያዊው ፈዛዛ ከሆነ ይሰወራል፣ ነጭ ከጥቂት ወራት በኋላ የለም። ብልሃቱ ቀለም መጨመር ሳይሆን ባዶ ቆዳ መተው ነው፦ የዘንዶው ሆድ፣ የማዕበሉ አረፋ፣ የአበባው ጫፍ በነጭ ከሚሞላ ቆዳው ራሱ ብርሃን ይሁን። በነጣ ቆዳ ላይ ሦስት ደረጃ ግራጫ የሚሠራ ነቃሽ እዚህ ሁለት ይበቃዋል፤ በጣም የቀጠነው ሦስተኛው ከቆዳው ጋር አንድ ይሆናልና ሰዓቱም ገንዘቡም በከንቱ ነው። «እንዲደምቅ» ብሎ ጠንክሮ መጫን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ጠባሳና የቆዳ መጥቆር ያመጣል እንጂ ድምቀት አያመጣም። የእናቶቻችንን የአንገት ንቅሳት አስታውሱ፦ አንድ ጥቁር ቀለም፣ ወፈር ያለ መስመር፣ በመስመሮቹ መሐል በቂ ቆዳ፤ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላም ይነበባል። ነቃሹ ጠይም ቆዳ ላይ የሠራውን፣ ከዳነ ዓመት ያለፈውን ፎቶ ካላሳየ የመጀመሪያው ሙከራው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

ኬሎይድ፣ ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ሌላው ነው። በጥቁር ሕዝቦች ላይ በብዛት ይታያል፤ ደረት፣ ትከሻና የላይኛው ጀርባ ከሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው፤ ማለትም ሥራው የሚያርፍበት ቦታ በትክክል። ጆሮውን ሲበሳ ወይም ሲከተብ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ ያበጠ ሰው፣ ወይም ወላጁ እንዲያ የሆነ፣ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ያማክር። ትንሽ ነጥብ ነቅሶ መሞከር ይረዳል፣ ግን ኬሎይድ ከወራት በኋላም ሊወጣ ስለሚችል የሁለት ሳምንት ሙከራ ዋስትና አይሆንም።

ስለ ቀለማቱ ደኅንነት፦ በቆዳ ላይ አለርጂ በማምጣት የሚታወቀው ቀይ ነው። አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ቀዩ ብቻ ያብጣል፣ ያሳክካል። የጃፓን ሥራ ውስጥ ቀይ ብዙ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የቀለም ቀጠሮ አንድ አበባ ብቻ ሞልቶ ሁለት ሦስት ወር መጠበቅ ብልህነት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2022 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ከንቅሳት ቀለም ውስጥ ተገድበዋል፤ ሁለት ዋና ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለማት ደግሞ በጥር 2023 ተከትለዋል። እዚያ የምትነቀሱ ከሆነ ጠርሙሱን አሳዩኝ ማለት መብታችሁ ነው፤ ያረጀ ክምችት የሚጨርስ ቤት አይጠፋም።

ሕመሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሥጋ ያለው የትከሻ ጀርባ ቀላሉ ነው፤ አከርካሪ፣ ጎድን፣ ኩላሊት አካባቢ፣ የመቀመጫ ስንጥቅና ውስጥ ታፋ ከባዶቹ ናቸው። ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ሰውነት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የሚንቀጠቀጥ ቆዳ ላይ ጥሩ መስመር አይወጣምና ከአራት ሰዓት በላይ የሚያስቀምጥ ቤት ለራሱ ቀን እንጂ ለሥራው አያስብም። ጠንከር ያለ ምግብ በልታችሁ ሂዱ፣ ጣፋጭ ነገር ያዙ፣ ከዋዜማው ጀምሮ አልኮል ተዉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ አያቋርጥ፣ ሐኪሙን ይጠይቅ። የሚያደነዝዝ ቅባት ጀርባ ሙሉ መለቅለቅ አደጋ አለው፤ በውስጡ ያለው ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ በሰፊ ቆዳ ሲገባ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2024 ከመጠን በላይ ሊዶኬይን ስላለባቸው የንቅሳት ቅባቶች አስጠንቅቋል። ከዚያም ሌላ፣ ቅባቱ በመሐል ሲለቅ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ማዳኑ የደንበኛው ሥራ ነው፤ ጀርባ ደግሞ እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት የሚያጥብለት ሰው ያዘጋጅ። ይህን የሚጠይቅ ነቃሽ ጥሩ ምልክት ነው። ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ማጠብ፣ በፎጣ ሳይሆን በወረቀት መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ ቅባት በጣም ስስ አድርጎ መቀባት። ቅባት ሲበዛ ቅርፊቱ ይርሳል፣ ሲነሳም ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። የሕክምና ማጣበቂያ ፕላስቲክ የሚጠቀሙ ቤቶች የመጀመሪያውን በ24 ሰዓት ያነሳሉ፣ ሁለተኛውን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ያቆያሉ፤ ጀርባ ላይ ወገብ ሲታጠፍ ስለሚላቀቅ ከሥሩ ውሃ ከገባ ሳይውል ሳያድር ይነሳ። አንሶላ ላይ ተጣብቆ ካደረ አትጎትቱት፣ በውሃ አርሱት። ከላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። እስኪድን ዋና፣ ሳውናና ፀሐይ የለም። በመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ብርድ ማለት ከረጅም ቀጠሮ በኋላ ያጋጥማል፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ መቅላቱ ከሰፋ፣ ካተኮሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለ ግን የሐኪም ጉዳይ ነው፣ የነቃሽ አይደለም።

ገንዘቡን በቁጥር እንየው። ሙሉ ጀርባ ከታፋው ጋር በግምት ከ50 እስከ 100 ሰዓት ይወስዳል። 60 ሰዓት ብንይዝና ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ቢሆን 20 ቀጠሮ ነው፤ በየሦስት ሳምንቱ ከሆነ ዓመት ከሁለት ወር። አሜሪካ ውስጥ በሰዓት 200 ዶላር የሚያስከፍል ነቃሽ ዘንድ 12,000 ዶላር ይሆናል፤ እዚያ የተለመደው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ሲጨመርበት ወደ 14,000 ይጠጋል። ጉርሻውን ቀድሞ የማያሰላ ብዙ ነው። ጃፓን ውስጥ ጉርሻ የለም፣ ግን የአውሮፕላንና የማደሪያው ወጪ ይበልጣል። ለውጭ ደንበኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ በየቀኑ አስቀምጦ የሚጨርስ ቤት ቢያቀርብላችሁ፣ መስመሩን በዚያ መንገድ ማስጨረስ ይቻላል፣ ጥላውን ግን አይደለም፤ ባበጠ ቆዳ ላይ የገባ ጥላ ሲድን የተለየ ነው። ክፍያው በየቀጠሮው ይሁን። ሁሉንም በቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው ላይ ገንዘብ አይጣልም፤ ቀብድ ተገቢ ነው፣ የመጨረሻው ቀጠሮ ላይ ይታሰብ። ነቃሽ መሐል ላይ መቀየር ከሁሉ የሚያስወጣው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ነቃሽ የመጀመሪያውን ጥቁር ለማመሳሰል ብቻ ሰዓት ይበላል፣ ብዙዎቹም የሌላ ሰው ሥራ አይነኩም።

ጃፓን ለመዝናናት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ፍል ውሃው አለ። የጃፓን ቱሪዝም ኤጀንሲ በ2015 ባደረገው ጥናት መልስ ከሰጡት መታጠቢያ ቤቶች 56 በመቶ የሚሆኑት ንቅሳት ያለበትን ሰው እንደማያስገቡ ተናግረዋል። ትንሽ ንቅሳት በማጣበቂያ ይሸፈናል፤ ጀርባ አይሸፈንም። በፍል ውሃ ከተማዋ በኪኖሳኪ ያሉት የሕዝብ መታጠቢያዎችና በማትሱያማ ያለው ዶጎ ኦንሰን ያስገባሉ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ በመስኮት ብርሃን፣ በመብራት ሳይሆን፣ ቆማችሁ ፎቶ አስነሱ። የሚታዩት ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ ቀበቶ የሚያሽበት ወገብ፣ የመቀመጫና የታፋ መታጠፊያ፣ የትከሻ ጫፍ የቦርሳ ማንገቻ የሚያርፍበት። ጥቁሩ ሳስቶ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ይህን ያለ ክፍያ ደግሞ የሚሞላ ቤት ሥራውን ያምንበታል። አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ቀን መታሰብ ነበረበት፦ ጃፓናዊ ነቃሽ ስሙን በትንሽ ሣጥን ውስጥ ጽፎ ይጨርሳል። ሣጥኑ መስመሩ ሲሠራ ቦታ ካልተተወለት መደቡ መሐል ላይ በግድ ይገባል፣ ወጥ የነበረውንም ጥቁር ይሰብራል።